የሂንዱን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ፦ ቀኑን፣ ቲቲውንና መልካሙን ሰዓት ደረጃ በደረጃ ማውጣት

ዱባይ ወይም ሙስካት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ከሕንዳዊ የሥራ ባልደረባው የሠርግ ጥሪ ሲደርሰው፣ ወረቀቱ ላይ እንደ «ከጠዋቱ 4፡17 እስከ 5፡02» ያለ የተቆራረጠ ሰዓት ሊያይ ይችላል። ይህ ሙሁርታ ይባላል፤ ሥርዓቱ እንዲፈጸምበት የተመረጠ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ያወጣው ሰው ፓንቻንግ ከሚባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ፀሐይና ጨረቃ የት እንደሚገኙ አይቶ፣ አስልቶ ነው። ስሌቱ መደመር፣ መቀነስና ማካፈል ለሚችል ሰው ሁሉ ክፍት ነው። አንድ ሰዓት መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለው የሂንዱ ምእመናን እምነት ነው፤ ከታች የማሳየው እነሱ እንዴት እንደሚያወጡት ነው።

«ፓንቻ» አምስት፣ «አንጋ» ደግሞ ክፍል ማለት ስለሆነ ፓንቻንግ አምስት ነገሮችን ይሰጣል፦ ቫራ (የሳምንቱ ቀን)፣ ቲቲ (የጨረቃ ቀን)፣ ናክሻትራ (ጨረቃ ያረፈችበት የከዋክብት ማረፊያ)፣ ዮጋ እና ካራና። በየተራ እንያቸው። ሰዓቶቹን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የሂንዱ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ስለሆነ፣ ከንጋት መቁጠር የለመደ ሰው ስሌቱን ከሌላው ቶሎ ይይዛል።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ይወስኑ፣ የፀሐይ መውጫና መጥለቂያውን ይያዙ

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «የት ነዎት?» የሚለው ነው። ለዴሊ የተሰላ ፓንቻንግ ለዱባይ አይሆንም፣ የዱባዩም ለአዲስ አበባ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዘመድ ከሕንድ በስልክ የላከለትን ሰዓት በአገሩ ሰዓት ቀይሮ ይጠቀማል። ቲቲና ናክሻትራ የሚለወጡበት ቅጽበት ለዓለም ሁሉ አንድ ስለሆነ እሱን በሰዓት ልዩነት መቀየር ይቻላል። ከፀሐይ መውጫ የሚቆጠረው ሁሉ ግን ለየከተማው እንደ አዲስ ይሰላል። ስለዚህ በስልክዎ የሚጠቀሙበት የፓንቻንግ መተግበሪያ ካለ መጀመሪያ ከተማውን ያስተካክሉ።

ደረጃ 2፦ ቫራን ይያዙ

ይህ ቀላሉ ነው። ቫራ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀጣዩ ፀሐይ መውጫ ድረስ ይቆያል። ራቪቫራ እሑድ፣ ሶማቫራ ሰኞ፣ ማንጋላቫራ ማክሰኞ፣ ቡዳቫራ ረቡዕ፣ ጉሩቫራ ሐሙስ፣ ሹክራቫራ ዓርብ፣ ሻኒቫራ ቅዳሜ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከንጋት በፊት የተወለደ ልጅ በመንግሥት ወረቀት ማክሰኞ ቢባልም በፓንቻንግ ገና የሰኞ ልጅ ነው።

ደረጃ 3፦ ቲቲውን ያውጡ

የዚህ አቆጣጠር ልብ ቲቲ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ ጋር አንድ ቦታ ላይ ስትሆን፣ ማለትም ፈጽማ በማትታይበት ቅጽበት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ዜሮ ዲግሪ ነው። ከዚያ ጨረቃ እየቀደመች 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ አለቀ ይባላል። ዙሪያው 360 ዲግሪ ስለሆነ በአንድ የጨረቃ ወር 30 ቲቲዎች አሉ። ጨረቃ የምትሞላበት የመጀመሪያው 15 ሹክላ ፓክሻ፣ የምትጎድልበት ሁለተኛው 15 ክሪሽና ፓክሻ ይባላል። በሁለቱም ውስጥ ስሞቹ ተመሳሳይ ናቸው፦ ፕራቲፓዳ፣ ድቪቲያ፣ ትሪቲያ፣ ቻቱርቲ፣ ፓንቻሚ፣ ሻሽቲ፣ ሳፕታሚ፣ አሽታሚ፣ ናቫሚ፣ ዳሻሚ፣ ኤካዳሺ፣ ድቫዳሺ፣ ትራዮዳሺ፣ ቻቱርዳሺ። አሥራ አምስተኛው ብቻ ይለያል፤ በሙሉ ጨረቃ ፑርኒማ፣ በጨለማዋ አማቫስያ ይባላል።

ራስዎ ለማስላት የፀሐይንና የጨረቃን ኬንትሮስ በዲግሪ የሚሰጥ የሥነ ፈለክ መተግበሪያ ይክፈቱ። ለምሳሌ ጨረቃ 100፣ ፀሐይ 35 ዲግሪ ላይ ናቸው እንበል። ከጨረቃው የፀሐይን ይቀንሱ፤ 65 ይሆናል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ቢወጣ 360 ይደምሩበት። 65ን ለ12 ሲያካፍሉ 5 ደርሶ 5 ይተርፋል። አምስት ቲቲ አልቋል፣ ስድስተኛው ላይ ነን፤ ሹክላ ሻሽቲ ማለት ነው። የሚያልቀው ርቀቱ 72 ሲሞላ ስለሆነ 7 ዲግሪ ይቀረዋል። ጨረቃ ከፀሐይ በአማካይ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለምትርቅ ሻሽቲ ገና 14 ሰዓት ገደማ አለው።

ቲቲ ርዝመቱ እኩል አይደለም። ጨረቃ አንዳንዴ ፈጠን፣ አንዳንዴ ዘገም ስለምትል አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው 26 ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል። የሚጀምረውም ጠዋት፣ ቀን ወይም ሌሊት፣ በየትኛውም ሰዓት ነው። ታዲያ ቀኑ በየትኛው ቲቲ ይጠራ? መልሱ ፀሐይ በወጣችበት ቅጽበት በነበረው ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት እንግዳ ነገር ይከሰታል። አንድ አጭር ቲቲ ከፀሐይ መውጫ በኋላ ጀምሮ ከቀጣዩ መውጫ በፊት ካለቀ ማንም ቀን በእሱ ስም አይጠራም፤ ቁጥሩ ከ7 ወደ 9 ይዘልላል፤ ይህ ክሻያ ይባላል። አንድ ረጅም ቲቲ ሁለት የፀሐይ መውጫዎችን ካገኘ ደግሞ ሁለት ቀን በተከታታይ አንድ ስም ይይዛል፤ ይህ ቭሪዲ ይባላል። በቀን መቁጠሪያው ላይ «ሁለት ኤካዳሺ» ሲያዩ የኅትመት ስሕተት አይምሰልዎ።

ደረጃ 4፦ ወሩንና ዓመቱን ይለዩ

ወሮቹ ቻይትራ፣ ቫይሻካ፣ ጄሽታ፣ አሻዳ፣ ሽራቫና፣ ባድራፓዳ፣ አሽቪና፣ ካርቲካ፣ ማርጋሺርሻ፣ ፓውሻ፣ ማጋ እና ፋልጉና ናቸው። በጉጃራት፣ በማሃራሽትራና በደቡብ ወሩ በአማቫስያ ያልቃል፤ በሰሜን ሕንድ ደግሞ በፑርኒማ። በሚሞላው አጋማሽ ሁለቱ ይስማማሉ፤ በሚጎድለው አጋማሽ ግን የሰሜኑ ስም አንድ ወር ይቀድማል። የዲዋሊ (የሂንዱዎች የብርሃን በዓል) ሌሊት በሙምባይ የአሽቪና አማቫስያ፣ በቫራናሲ የካርቲካ አማቫስያ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሌሊቱ ግን አንድ ነው። ታሚል ናዱ፣ ኬራላ፣ ቤንጋልና ኦዲሻ ከዚህ ጎን ለጎን በፀሐይ ወር ይቆጥራሉ፤ የታሚል አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ኤፕሪል 14 አካባቢ የሚውለው ለዚያ ነው።

የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን 11 ከአበቅቴ ያውቀዋል። ሂንዱዎች ልዩነቱን የሚሞሉት ሙሉ ወር በመጨመር ነው። በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ ፀሐይ ወደ አዲስ የዞዲያክ ክፍል ካልገባች ያ ወር አዲካ፣ ማለትም ተጨማሪ ይባላል፤ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ያህል ጊዜ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከጁላይ 18 እስከ ኦገስት 16 አዲካ ሽራቫና ነበር። በዚህም ምክንያት በ2022 ኦክቶበር 24 የዋለው ዲዋሊ በ2023 ወደ ኖቬምበር 12 ተሻገረ። የ2026ቱ አዲካ ጄሽታ ደግሞ ከሜይ 17 እስከ ጁን 15 ነው። በአዲካ ወር ጾምና ጸሎት ይበረታል፤ ሠርግና ቤት ምርቃት ግን አይደረግም።

ዓመቱ በሁለት ዘመን ይጻፋል፤ ቪክራም ሳምቫት ከፈረንጁ ዓመት 57 ይቀድማል፣ ሻካ 78 ይዘገያል (በአዲስ ዓመቱ መግቢያ አካባቢ የአንድ ዓመት ልዩነት ይኖራል)። የሕንድ መንግሥት በፊዚክስ ሊቁ ሜግናድ ሳሃ የተመራ ኮሚቴ አስጠንቶ ከማርች 22 ቀን 1957 ጀምሮ በሻካ ዘመን የሚቆጠር ብሔራዊ የቀን መቁጠሪያ ሥራ ላይ አውሏል።

ደረጃ 5፦ ናክሻትራን፣ ዮጋንና ካራናን ያስሉ

የጨረቃ መንገድ በ27 ናክሻትራዎች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ነው። ጨረቃ በአንዱ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ታድራለች። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሂንዱዎች ቦታውን የሚለኩት ከቋሚ ከዋክብት ነው፤ የሥነ ፈለክ መተግበሪያው ግን የሚለካው ፀሐይ በፀደይ የምድርን ወገብ ከምታቋርጥበት ነጥብ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አያናምሻ ይባላል። በመንግሥት የጸደቀው ላሂሪ የሚባለው ልክ በአሁኑ ጊዜ ከ24 ዲግሪ በጥቂቱ ይበልጣል። በቲቲ ስሌት ላይ ከሁለቱም ስለሚቀነስ ለውጥ አያመጣም፤ በናክሻትራ ግን ግዴታ ነው።

በምሳሌያችን የጨረቃ 100 ሲቀነስ 24፣ 76 ይሆናል። 76ን ለ13.33 ሲያካፍሉ 5 አልፎ ስድስተኛው ላይ ይደርሳሉ። የመጀመሪያዎቹ አሽዊኒ፣ ባራኒ፣ ክሪቲካ፣ ሮሂኒ፣ ምሪጋሺራ፣ አርድራ፣ ፑናርቫሱ፣ ፑሽያ ስለሆኑ ጨረቃ አርድራ ላይ ናት። ለዮጋ የሁለቱን ቦታ ይደምሩ፦ ጨረቃ 76፣ ፀሐይ 35 ሲቀነስ 24፣ 11፤ ድምሩ 87። ለ13.33 ሲካፈል ሰባተኛው ዮጋ ሱካርማ ይወጣል። ከ27ቱ ዮጋዎች በተለይ የሚፈሩት 17ኛው ቭያቲፓታና 27ኛው ቫይድሪቲ ናቸው።

ካራና የቲቲ ግማሽ፣ 6 ዲግሪ ነው። ሰባት ስሞች (ባቫ፣ ባላቫ፣ ካውላቫ፣ ታይቲላ፣ ጋራ፣ ቫኒጃ፣ ቪሽቲ) እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ አራት ሌሎች ደግሞ በአማቫስያ ዙሪያ ብቻ ይገኛሉ። ከሁሉም ማወቅ ያለብዎት ቪሽቲን ነው፤ ሕዝቡ ባድራ ይለዋል፤ በእሱ ጊዜ መልካም ነገር አይጀመርም። ሹክላ 4 ሁለተኛ ግማሽ፣ 8 የመጀመሪያ ግማሽ፣ 11 ሁለተኛ ግማሽ፣ የፑርኒማ የመጀመሪያ ግማሽ ላይ ይውላል፤ በክሪሽና ፓክሻ ደግሞ 3 ሁለተኛ፣ 7 የመጀመሪያ፣ 10 ሁለተኛ፣ 14 የመጀመሪያ።

ባድራ በተግባር ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2023 ታይቷል። እኅቶች ለወንድሞቻቸው ክር የሚያስሩበት ራክሻ ባንዳን በሽራቫና ፑርኒማ ይከበራል። በዚያ ዓመት ፑርኒማ በሕንድ ሰዓት ኦገስት 30 ጠዋት 4፡58 ላይ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ባድራ ስለሆነ እስከ ምሽቱ 3፡01 ቆየ። ቲቲው በማግስቱ ጠዋት 1፡05 አለቀ። ስለዚህ ሥርዓቱን ጠብቆ ክር ማሰር የሚፈልግ ቤተሰብ ወይ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ወይ በማግስቱ ገና በማለዳ ማድረግ ነበረበት። ብዙ ቤት ልጆች ሳይተኙ የጠበቁት ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ በዓል ከሆነ የበዓሉን ሰዓት ይጠይቁ

ተራ ቀን በፀሐይ መውጫ ቲቲ ይጠራል ብለናል። በዓላት ግን የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ራማ ናቫሚ ቀትር ላይ ናቫሚ መኖሩን ይጠይቃል፤ ማሃ ሺቫራትሪ እኩለ ሌሊትን፤ ዲዋሊ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን የምሽት ጊዜ፣ ፕራዶሻን ያያል። በቀን መቁጠሪያ ላይ «ዛሬ ቻቱርዳሺ» ተብሎ እያለ ማታ ዲዋሊ የሚከበረው በዚህ ደንብ ነው።

የ2024ቱን ዲዋሊ እንደ መልመጃ ይሥሩት። አማቫስያ በሕንድ ሰዓት ሐሙስ ኦክቶበር 31 (ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.) ከቀኑ 9፡52 ጀምሮ ዓርብ ኖቬምበር 1 እስከ ምሽቱ 12፡16 ቆየ። ዴሊ ውስጥ ዓርብ ፀሐይ የጠለቀችው 11፡36 ገደማ ነው። ሐሙስ ማታ ሙሉው ፕራዶሻ አማቫስያ አለው፤ ዓርብ ማታም 40 ደቂቃ ያህል አለው። ሊቃውንቱ በዚህ ተከራከሩ፤ ብዙው ሕዝብ ሐሙስ ሲያከብር ሌሎች ዓርብን ያዙ፤ የሙምባይ የአክሲዮን ገበያም በየዲዋሊው የሚያደርገውን የአንድ ሰዓት ሥነ ሥርዓታዊ ግብይት ዓርብ ምሽት ከ12 እስከ 1 ሰዓት አደረገ። አሁን ያንኑ ለዱባይ ይቀይሩ። የሰዓት ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ አማቫስያ ዓርብ 10፡46 ላይ ያልቃል፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ከዚያ 50 ደቂቃ ያህል ቆይታ ነው። ዓርብ ማታ ዱባይ ውስጥ አማቫስያ የለም። ኒው ዮርክ ደግሞ ዓርብ ጠዋት 2፡46 ላይ አልቋል። በሁለቱም ከተሞች መልሱ ያለ ክርክር ሐሙስ ነው። ሕንድን ለሁለት የከፈለው ጥያቄ በእነዚህ ከተሞች ላለው ሂንዱ ጥያቄ አልነበረም፤ ለራሱ ከተማ ካሰላ።

ደረጃ 7፦ የሚወገዱትን ሰዓቶች ያውጡ

በደቡብ ሕንድ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ራሁ ካላም ነው። ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ጊዜ ለ8 ያካፍሉ። ክፉው ክፍል ሰኞ 2ኛው፣ ማክሰኞ 7ኛው፣ ረቡዕ 5ኛው፣ ሐሙስ 6ኛው፣ ዓርብ 4ኛው፣ ቅዳሜ 3ኛው፣ እሑድ 8ኛው ነው። ፀሐይ ልክ 12 ላይ ወጥታ 12 ላይ ብትጠልቅ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሰኞ ከ1፡30 እስከ 3፡00 ማለት ነው። በየግድግዳው የሚለጠፈው ሰንጠረዥ ይህን ይዞ ነው። ትክክለኛው ግን ይሰላል።

ያን ሐሙስ ኦክቶበር 31ን በዴሊ እንውሰድ። ፀሐይ 12፡32 ወጣች፣ 11፡36 ጠለቀች፤ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ፣ ማለትም 664 ደቂቃ ነው። ለ8 ሲካፈል 83። ስድስተኛው ክፍል ከመጀመሩ በፊት አምስት ክፍል ያልፋል፤ 5 ጊዜ 83፣ 415 ደቂቃ ወይም 6 ሰዓት ከ55። ከ12፡32 ላይ ሲደመር 7፡27 ይሆናል፤ 83 ደቂቃ ሲጨመር 8፡50። ራሁ ካላም ከቀኑ 7፡27 እስከ 8፡50 ነበር። በሰንጠረዡ ቢሄዱ ከ7፡30 እስከ 9፡00 ይሉ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ንጹሕ ጊዜ ያባክናሉ።

በራሁ ካላም አዲስ ነገር አይጀመርም፤ የተጀመረው ግን ይቀጥላል። ሱቅ አይዘጋም፣ መንገደኛም መኪና አያቆምም።

ደረጃ 8፦ መልካሞቹን ይፈልጉ

ቀኑን ለ15 ሲያካፍሉ አንዱ ክፍል ሙሁርታ ይባላል፤ በአማካይ 48 ደቂቃ ነው። ስምንተኛው፣ ቀትርን መሐል የሚያደርገው፣ አቢጂት ነው። ሌላ ጊዜ ያጣ ሰው በእሱ ይጠቀማል፤ ረቡዕ ግን አይወሰድም። በዴሊው ሐሙስ ከ5፡42 እስከ 6፡26 ነበር። ለጸሎትና ለጥናት ደግሞ ብራህማ ሙሁርታ አለ፤ ፀሐይ ከመውጣቷ 96 ደቂቃ በፊት ጀምሮ 48 ደቂቃ ሲቀር ያበቃል።

ጉጃራትና ራጃስታን ቾጋዲያን ይመርጣሉ። እነሱም ቀኑን ለ8 ይከፍላሉ። ስሞቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይዞራሉ፦ ኡድቬግ፣ ቻል፣ ላብ፣ አምሪት፣ ካል፣ ሹብ፣ ሮግ። እሑድ በኡድቬግ፣ ሰኞ በአምሪት፣ ማክሰኞ በሮግ፣ ረቡዕ በላብ፣ ሐሙስ በሹብ፣ ዓርብ በቻል፣ ቅዳሜ በካል ይጀምራል። አምሪት፣ ሹብና ላብ መልካም ናቸው፤ ቻል ለጉዞ ይሆናል፤ የቀሩት ሦስቱ ይወገዳሉ። አሁን ሐሙስን ይቁጠሩ፦ ሹብ፣ ሮግ፣ ኡድቬግ፣ ቻል፣ ላብ፣ አምሪት። ስድስተኛው ክፍል አምሪት፣ ከመልካሞቹ ሁሉ መልካሙ ነው። በታሚሉ ደንብ ግን ይኸው ክፍል ራሁ ካላም ነው። ስለዚህ ሁለቱን አይቀላቅሉ፤ ጉዳዩ የማን ቤተሰብ እንደሆነ ይጠይቁና በዚያ ቤት ልማድ ይሂዱ።

ደረጃ 9፦ ለጉዳይዎ ቀን ይምረጡ

የሚሠራው በማጣራት ነው፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ። በመጀመሪያ ወራቱን ያጣሩ። ለሠርግ ፀሐይ ቀውስ (ሳጂታሪየስ) እና ሑት (ፓይሲስ) በሚባሉት የዞዲያክ ክፍሎች ውስጥ ያለችባቸው ወራት፣ አዲካ ወር፣ በሰሜን ደግሞ ከአሻዳ ሹክላ ኤካዳሺ እስከ ካርቲካ ሹክላ ኤካዳሺ ያሉት አራት ወራት ይወጣሉ። ጁፒተር ወይም ቬነስ ከፀሐይ ተጠግተው የማይታዩበት ጊዜም ይወጣል። ቀጥሎ ሪክታ የሚባሉትን 4ኛ፣ 9ኛና 14ኛ ቲቲዎች፣ እንዲሁም አማቫስያን ይሰርዙ። ከዚያ ናክሻትራ ይመልከቱ፤ ለሠርግ ሮሂኒ፣ ምሪጋሺራ፣ ሃስታ፣ ስዋቲ፣ አኑራዳና ሬቫቲ ከሚወደዱት ናቸው። ከቀሩት ቀናት ባድራን፣ ቭያቲፓታንና ቫይድሪቲን ይቁረጡ። በመጨረሻ በቀኑ ውስጥ ራሁ ካላምን አውጥተው ላግናውን፣ ማለትም በምሥራቅ እየወጣ ያለውን የዞዲያክ ክፍል ያዩታል፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይለወጣል። በዲዋሊ ለሀብት አምላኳ ለላክሽሚ ለሚደረገው ጸሎት ሠውር (ቶረስ) የሚመረጠው ቋሚ ከሚባሉት ክፍሎች አንዱ ስለሆነና በዚያ ወቅት ምሽት ላይ ስለሚወጣ ነው።

ይህን ሁሉ ማጣራት የማይፈልግ በማሃራሽትራ «ሦስት ተኩል ሙሁርታ» የሚባሉትን ይይዛል፦ ጉዲ ፓድቫ፣ አክሻያ ትሪቲያ፣ ቪጃያዳሻሚ፣ እና እንደ ግማሽ የሚቆጠረው ከዲዋሊ ቀጥሎ ያለው ካርቲካ ሹክላ ፕራቲፓዳ። በእነዚህ ቀናት ሰዓት ሳይመረጥ ወርቅ ይገዛል፣ ሱቅ ይከፈታል።

የተመረጠው ቀን ለባለ ጉዳዩ ይስማማ እንደሆነ ለማወቅ የሰውየውን የልደት ናክሻትራ ይጠይቁ። ከእሱ ጀምረው እስከ ቀኑ ናክሻትራ ይቁጠሩ፤ መነሻውም ይቆጠራል። ከ9 ከበለጠ ለ9 ያካፍሉና ቀሪውን ይያዙ። 3፣ 5 ወይም 7 ከመጣ አይሆንም። በሮሂኒ የተወለደች ሴት ሱቅ ልትከፍት በምሳሌያችን ቀን መጣች እንበል፤ ሮሂኒ 1፣ ምሪጋሺራ 2፣ አርድራ 3። ለእሷ አይሆንም። ነገር ግን ጨረቃ 76 ዲግሪ ላይ ናት፣ አርድራ 80 ላይ ያልቃል፤ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ ከሰባት ሰዓት ትንሽ በላይ ቢጠብቁ ፑናርቫሱ ይገባል። ቁጥሩ 4 ይሆናል፣ ሹክላ ሻሽቲም ገና አላለቀም። ያ ሰዓት ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ከደረሰና ራሁ ካላም ላይ ካልወደቀ በዚያው ቀን በሩን መክፈት ትችላለች።